እትዬ ጥሩዬ ስለ ፊልሙ ያሉት

ሐሙስ፣ ፍኖተ ሰላም

ለፊልሙ በተሰቀለው አንሶላ ላይ ሟቹ ብድግ ሲል ግማሹ ሰው ሮጠ፤ ግማሹ ሳቀ። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ።

የመጽሔታችን አዘጋጅ «አዲስ አበባን ያስጮኸውን ፊልም ባላገሩ እንዴት ተቀበለው?» ብሎ የሲኒማ መኪናውን ተከትዬ እንድዞር ልኮኛል። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ አንድ መርማሪ ነፍሰ ገዳይ ያሳድዳል። የተገደለው ሰው መርማሪውን ከኋላ ከኋላው ሲከተለው ቆይቶ በመጨረሻ ገዳዩን በጣቱ ያሳየዋል። አንድ አስተማሪ ድምፅ ማጉያ ይዞ የፈረንጁን ንግግር ያስተረጉማል።

የሰማሁትን ሳልረሳ ልጻፍ። መሪጌታው፦ «ሙት ፍርድ ሲጠብቀው የሲጋራ አጫሽ ኋላ ኋላ ይሄዳል?» አንድ ሽማግሌ፦ «ብቻውን የሚዞር ምን መርማሪ ነው! አገሩን ሜዳ ላይ አውጥቶ ወንጀለኛው እስኪታወቅ አፈርሳታ አይቀመጥም?» ሌላው ቀበል አድርጎ፦ «የእኛ ወፍ ይሻላል፤ ቢያንስ አያስደነግጥም።» ወፍ የሚሉት በአፈርሳታ ጊዜ ወንጀለኛውን በስውር የሚጠቁመውን ሰው ነው። ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ቤታቸው ያረፍኩት እትዬ ጥሩዬ ብቻ አልሳቁም።

ዓርብ

ምክንያቱን ዛሬ ሰማሁ። የበኩር ልጃቸው ሙላት አምና ቡሬ አጠገብ ተገድሎ ተገኘ። አገሩ ሁሉ ለአፈርሳታ ሜዳ ላይ ከረመ፤ ወፍ አልተናገረም። ታናሽየው ደሳለኝ «ደሙን ሳልመልስ ጠጉሬን አልላጭም» ብሎ ጎፈሬውን አሳድጎ ይኖራል።

«እታለም፣ ልጄም እንደዚያ ከኋላዬ ሲሄድ ኖሮ ይሆን? እኔ እኮ ዞሬ አላየሁትም» አሉኝ እትዬ።

«ፊልም ነው እትዬ፤ ሰው የፈጠረው ነው» አልኩ። ምን ይጠቅማል? ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላቸው ዞር ዞር ሲሉ ዋሉ። የጀመርኩት ቀልድ የበዛበት ጽሑፍ አስጠላኝ።

ቅዳሜ፣ ቡሬ

ደሳለኝን ቤት ጠብቅ ብለው፣ ፊልሙን ዳግም ለማየት እትዬ ከእኔ ጋር መጡ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ሟቹ ጣቱን የሚቀስርበት ቦታ ሲደርስ ተነሥተው አንሶላው ፊት ቆሙ። ሥዕሉ ነጠላቸው ላይ ተንቀጠቀጠ።

«የቡሬ ሰዎች! ሙቱ እንኳ ተናገረ። የሙላቴን ሞት ያየ አንድ ሕያው ከመሀላችሁ የለም?»

አስተርጓሚው ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረገ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አውቶቡስ ስንጠብቅ አንዲት የተከናነበች ሴት መጥታ እትዬን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ወሰደቻቸው። ሲመለሱ ብቻቸውን ናቸው። መንገድ ዳር ተቀመጡ።

«ስሙን ነገረችኝ።»

«ታዲያ ለዳኛ…»

«ዳኛ ምስክር ይላል፤ እሷ አትወጣም። ብከስ ግን ወሬው ደሳለኝ ጆሮ ይገባል። ከሰማ ይገድላል፤ ከገደለ ይሰቀላል። አንዱን ቀበርኩ፤ ይኼንንም ልጨምር?»

አውቶቡሱ ውስጥ ግማሹን መንገድ አለቀሱ። ከዚያ ፊታቸውን አበሱ።

ደሳለኝ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር።

«እናቴ፣ ቡሬ የሰማሽው ነገር አለ?»

«ምን ይሰማል ልጄ። ፊልሙ ውሸት ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ? የፊልም አዋቂዋ አንቺ ነሽ።»

«ውሸት ነው» አልኩት። «ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት።»

ዓይን ዓይኔን አየኝና የእናቱን ስንቅ ተቀብሎ ቀድሞን ሄደ። ያመነኝ መሰለኝ። እንጃ።