አንድ እግር በሚዛን፣ አንድ እግር በመሬት

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ገብረመድኅን ሞገስ
በጁባ የ«ነጭ አባይ» መረዳጃና መዝናኛ ማኅበር የጉዞ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

የተከበሩ ሊቀመንበር፣

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ፣ በጁባ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ቀኝ እግርዎን ሚዛኑ ላይ አሳርፈው ግራ እግርዎን መሬት ላይ እንደተከሉ «ጻፊው» ብለው ባዩኝ ቅጽበት ነገራችን ተበላሸ። ከሁሉ በፊት ግን ሰላምታዬ ይቅደምና፣ ለመሆኑ ሁለቱም እግሮችዎ እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎስ? እጅግ የማከብራቸው ባለቤትዎ ወይዘሮ ይመኙሻልስ ደኅና ናቸው? እኔ ሪፖርትዎ እስኪደርሰኝ ድረስ በጣም ደኅና ነበርኩ፤ ከደረሰኝም በኋላ ከሳቅ ብዛት ጎኔን ከማመሙ በቀር ምንም አልሆንኩም። ንዴቱ የመጣው ቆይቶ ነው፤ እሱም መጥቶ ከሳቁ ጎን ተቀመጠ እንጂ አላባረረውም።

ይህን ደብዳቤ ለአባላቱ ሁሉ በግልጽ የጻፍኩት እርስዎም ስለ እኔ የጻፉትን ለሁሉም በግልጽ ስላሰራጩልኝ ነው። ብድር መመለስ ያሳደጉኝ ሰዎች ያስተማሩኝ ነገር ነው። ለማታውቁኝ፣ አምለሰት አለባቸው እባላለሁ፤ አትላባራ እኖራለሁ፤ በአንድ አየር መንገድ የጭነት ሚዛን ተቆጣጣሪ ነኝ። ሥራዬ ሰውና ሻንጣ ስንት እንደሚመዝን፣ የትኛው ከፊት የትኛው ከኋላ እንደሚሆን አስልቼ ሎድ ሺት የሚባለውን ወረቀት መሙላትና ከሥሩ መፈረም ነው። ፊርማዬን አምኖ የተነሣ ካፒቴን ከጀርባው ምን እንደተጫነ ዞር ብሎ አያይም። በእነዚህ አምስት ዓመታት ውስጥ ስንቱን አሳፍሬ ስሸኝ፣ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ለሽርሽር ተሳፍሬ አላውቅም።

ስለዚህ ኮሚቴዎ ጠዋት በአሥራ ሁለት ወንበር አውሮፕላን የነጭ ጆሮ ቆርኬዎችን ፍልሰት ከሰማይ አሳይቶ፣ ከሰዓት ደግሞ በጀልባ ጉማሬና አዞ የሚያሳይ የአንድ ቀን ጉዞ ማዘጋጀቱን ስሰማ ከሁሉ ቀድሜ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። መስኮት ዳር፣ በግራ በኩል። ካፒቴኑ የየሰዉ ትክክለኛ ክብደት ይምጣልኝ ባለ ጊዜም፣ እርስዎ የእኛ ልጅ አለችልን ብለው በሰው ፊት አሞካሽተው ሥራውን ሰጡኝ። ለዚያ ሙገሳ አሁንም አመሰግናለሁ፤ ካመሰገኑኝ ውስጥ እንደ እርስዎ ቶሎ የጸጸተው ሰው አላጋጠመኝም።

ምስጋናዎቼን እነሆ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ እግርዎ። ቅጹ ላይ በገዛ እጅዎ ሰባ ስምንት ኪሎ ብለው ሞልተው ነበር። በአንድ እግርዎ ሲቆሙ ሚዛኑ አርባ ዘጠኝ አለ። አርባ ዘጠኝ ኪሎ ለአንድ ሊቀመንበር እንደሚያንስ ስለተሰማኝ ሁለተኛውን እግርዎን እንዲጨምሩልኝ በትሕትና ለመንኩ፤ ጨመሩ፤ መቶ አሥራ ሦስት ሆኑ። ቁጥሩን ለክብርዎ ስል ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያነበብኩት፤ ሚዛኑ ግን ከሩቅ የሚነበብ ቀይ ቁጥር አለው፤ ይሉኝታ የሚባል ነገርም አልፈጠረበትም። ሳቁንም የጀመሩት ወይዘሮ ይመኙሻል እንጂ እኔ አይደለሁም። እሳቸው ከእርስዎ ቀጥለው ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ በሁለት እግራቸው ወጥተው፣ «ያለውን ጻፊው ልጄ፣ የበላሁት ነው» አሉኝ። በዚያ ጠዋት ከተነገረው ሁሉ ከልቤ የያዝኩት ይህን ነው።

፪ኛ. ስለ ክብር ወንበር። ሚዛኑ እንዳለቀ ከኪስዎ የመቀመጫ ዝርዝር አወጡ። በመኪና ትልቅ ሰው ከኋላ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ በጨዋ ደንብ ያደግሁ ነኝ። እርስዎ ግን ይህንኑ ደንብ ወደ ሰማይ ወስደው አምስቱን የኮሚቴ አባላት፣ ማለትም ከማኅበሩ አባላት ሁሉ የገዘፉትን አምስት ሰዎች፣ በክብር ከጅራቱ በኩል ደርድረው፣ እኔንና ባንክ የሚሠሩትን ቀጫጭን ልጆች ወደ ፊት ሰደዱን። እንደ ዝርዝርዎ ብንሳፈር ኖሮ አውሮፕላኑ ገና ሳይነሣ አፍንጫውን ሽቅብ ሰቅሎ በጅራቱ ቁጭ ይል ነበር። ካፒቴኑ የእርስዎን ዝርዝር አየ፣ የእኔን ወረቀት አየ፣ ከዚያ እጁን አጣጥፎ ክንፉ ጥላ ሥር ቆመ። ጨዋነታችን እዚህ ላይ አበበ። አምስቱ ታላላቆች ወደ ፊት መዛወር እንዳለባቸው ሁሉም ተስማሙ፤ ቀድሞ የሚነሣው ግን ጠፋ። አንዱ ሌላውን እርስዎ ይቅደሙ ሲለው፣ ያኛው በፍጹም አይሆንም ሲል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሽማግሌ እያለ እንዴት ብሎ ሲምል፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ሄደ። ይህችን አንድ ሰዓት ከሩብ አባላት በልባቸው ያኑሩልኝ፤ በኋላ እፈልጋታለሁ።

፫ኛ. ስለ ድምፅ ማጉያው። ሁሉም በየቦታው ሊቀመጥ ሲል ድምፅ ማጉያ ከነጄኔሬተሩ መጣ፤ አርባ ሦስት ኪሎ። የመክፈቻ ንግግርዎን በሰማይ ላይ ለማድረግ አስበው ነበር። አውሮፕላኑ ከተፈቀደለት በላይ እንደሚሆንና አንድ ነገር መቅረት እንዳለበት ገለጽኩ። ኮሚቴው እዚያው አስፋልቱ ላይ ቆሞ መከረ። ከምክሩ በኋላ ወደ እኔ መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ልጄ፣ አንቺ ወጣት ነሽ፤ ሌላ ጊዜ ታዪዋለሽ» አሉኝ።

እኔ አርባ ስድስት ኪሎ ነኝ። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ስሜን በገዛ እጄ ሰርዤ በቦታው «ድምፅ ማጉያ፣ አርባ ሦስት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። በተረፈው ሦስት ኪሎ አንድ ካርቶን ብስኩት ጫናችሁ። አጥር ሥር ቆሜ ስመለከት ድምፅ ማጉያው መስኮት ዳር፣ በግራ በኩል፣ ቀበቶውን ታጥቆ ተቀምጦ ነበር። ዕድሜ ልኬን አልረሳውም፤ ከብዙ ሰው የተሻለ ቀጥ ብሎ ነው የተቀመጠው።

ከዚያ በሰማይ የሆነውን ያጫወቱኝ ወይዘሮ ይመኙሻል ናቸው። ካፒቴኑ ድምፅ ማጉያውን ማብራት ከልክሎ እርስዎ ንግግሩን በጉሮሮዎ ለማድረግ ሲታገሉ ሞተሩ ዋጠዎት አሉ። ፍልሰቱ፣ ያ ስንትና ስንት ሺህ ቆርኬ ሜዳውን ሞልቶ የሚጎርፈው ጉድ፣ በግራ በኩል ብቻ ታየ አሉ። በግራ በኩል የተሻለውን መስኮት የያዘው ደግሞ ማን እንደነበር ያውቃሉ።

እዚህ ላይ ቁጥሬን ለጥቂት ላቋርጥ፤ ምክንያቱም የቀረው ቀን የተሰጠኝ በእርስዎ ቸርነት ነው፤ ደስታዬን ደብቄ ብዘጋው ውለታ ቢስ እባላለሁ።

ለኛቹኦል ደወልኩላት። ኛቹኦል ከደቡብ ሱዳን ወላጆች ጋምቤላ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች፣ አሁን አገሯ ተመልሳ ሎሎጎ የምትኖር ጓደኛዬ ናት። ሦስት ሆነን በአንድ ቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት፣ ማለትም እኔ፣ እሷና ባለ ሞተሩ፣ ከሰዓት ወንዙ ዳር ስንደርስ የማኅበሩ ጀልባ ሳይጠብቀኝ ሄዷል። ላለቅስ ነበር፤ ኛቹኦል ግን ጊዜ አልሰጠችኝም። የምታውቀውን ዓሣ አስጋሪ ሞሰስን ጠርታ፣ የእንጨት ጀልባው ላይ ቀድማ ዘልላ፣ «ነይ ውጪ፣ ይሄ ወንዝ የእኛ ነው፤ ስንት ኪሎ ነሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም» አለችኝ።

ሞሰስ ግን ጠየቀ፤ በዓይኑ። ሁለታችንን ከላይ እስከ ታች አየን፣ እኔን ከፊት፣ ኛቹኦልን ከመሐል አስቀመጠ፣ የነዳጅ ጀሪካኑን በእግሩ ወደ ኋላ ገፋ፣ ትንሽ አሰበና መረቡን ወደ ግራ ሳበው። ከዚያ «ማፊ ሙሽኪላ» ብሎ፣ ችግር የለም ማለቱ ነው፣ ሞተሩን ቀሰቀሰ። ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔ የሁለት ዓመት ትምህርትና ሦስት ፈተና የፈጀብኝን ሥራ ይህ ሰው ያለ ወረቀትና ያለ ጫማ በግማሽ ደቂቃ ሠራው። ሊቃውንት የሚባሉት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ እኔም ባልደረባዬን ያገኘሁ ያህል ፈነደቅሁ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበልዎ። ሰባት ጉማሬ አየን፤ ጆሯቸውን እያርገበገቡ ውኃውን ይረጫሉ። አንድ ንስር ከማንጎ ዛፍ ላይ ተወርውሮ ዓሣውን ከውኃው ሲመነትፍ አየን። አፉን ከፍቶ ፀሐይ የሚሞቅ አዞም ነበር፤ ሞሰስ ግንድ ነው ብሎ አሞኝቶን ስንቀርብ ግንዱ ተነሥቶ ሄደ። እንደ ሕፃን ጮህኩ። ኛቹኦል ትልቁን ጉማሬ እያሳየች ኪሎውን እንድገምት ስትተነኩሰኝ፣ አራቱም እግሩ ሚዛኑ ላይ ከሆነ አንድ ሺህ አምስት መቶ ይሆናል አልኳት፤ ታሪኩን በመንገድ ነግሬያት ስለነበር ሳቋ ጀልባውን አናወጠው። ሞሰስም ጉዳዩ ሲተረጎምለት መቅዘፊያውን ጥሎ ሳቀ።

ይህን ሁሉ ጸጥታ የሰበረው ድምፅዎ ነው። ከመታጠፊያው ወዲያ በዚያ አርባ ሦስት ኪሎ መሣሪያ ስለ ተፈጥሮ ጸጥታ ያደርጉት የነበረው ንግግር መጣ። ሰባቱም ጉማሬዎች እኩል ጠለቁ።

፬ኛ. ስለ ጀልባው። መታጠፊያውን ስንዞር የማኅበሩ ጀልባ አሸዋ ላይ ተቀምጧል። የክብር ወንበሩን እዚያም ከኋላ አድርገውት፣ አምስቱም ታላላቆች፣ ማጉያውና ጄኔሬተሩ ሞተሩ ላይ ተከምረው፣ የሞተሩ ፋን ደለሉን እንደ ማረሻ ነክሶታል። ሹፌሩ ይጮኻል፣ የባንክ ልጆች ይገፋሉ፣ እርስዎ በማጉያው ተረጋጉ ይላሉ፤ ከጠለቁት ጉማሬዎች አንዱ ደግሞ በእኛና በእናንተ መካከል ብቅ ብሎ አፉን እስከ ጥጉ ከፈተው። ያኔ ሳቁ ቆመ። የእኔም ቆመ። ወይዘሮ ይመኙሻል የአንገታቸውን መስቀል በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

የሁላችሁንም ኪሎ በቃሌ ነበር የማውቀው። ከሞሰስ ጀልባ ሆኜ በስም እየጠራሁ አንድ በአንድ ወደ ፊት አዛወርኳችሁ፤ በዚያች ሰዓት እርስዎ ይቅደሙ የሚል አንድም ሰው አልነበረም። የመጨረሻው እርስዎ ነበሩ፤ አቶ ገብረመድኅን፣ ከሁለቱም እግርዎ ጋር ወደ ፊት ብዬ ጮህኩ። ለዚህች አንዲት ቃል ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ብዙ ግን አይደለም። ተነሥተው ሁለት እርምጃ እንደተራመዱ ጀልባው ከኋላው ተነሣ፣ ሞተሩ ተላቀቀ፣ ጉማሬውም አፉን ዘግቶ ሄደ። አጨበጨባችሁልኝ። እርስዎም አጨብጭበዋል፤ አይቻለሁ።

፭ኛ. ስለ ሪፖርቱ። ሰኞ ጠዋት በማኅበሩ ቴሌግራም ላይ፣ ጸሐፊው አቶ እንድሪያስ እንደጻፉትና እርስዎ እንደፈረሙበት፣ የሚከተለው ወጣ፤ «ለአንድ ሰዓት ከሩብ መዘግየቱ ምክንያት ወይዘሪት አምለሰት በክብደት ስሌት ላይ የሠራችው ስህተት ነው።» ስለ እግር ምንም የለም። ስለ ክብር ወንበርም ሆነ ስለ አሸዋው ምንም የለም። ይህም እንዳያንስብኝ ማኅተም አድርገውበት ለሥራ አለቃዬ ላኩት።

በእኔ ሙያ ይህች ዐረፍተ ነገር ምን እንደምትሠራ ላያውቁ ይችላሉ፤ ስለዚህ ላስረዳዎ። ሊሰጠኝ አንድ ሳምንት የቀረው የአሠልጣኝነት ፈቃዴ ታግዷል። ነገሩ እስኪጣራም እንዳልፈርም ተከልክያለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሌሎች የፈረሙትን ወረቀት በስቴፕለር እየመታሁ ነው። እርስዎ ለአንድ ጠዋት ኀፍረት መሸፈኛ የወሰዱት እኔ አምስት ዓመት አንድም ቀን ሳልስት የሠራሁበትን ስም ነው።

ካፒቴኑ የፈረመበት የሎድ ሺት ቅጂ በእጄ አለ። መቶ አሥራ ሦስትም፣ አርባ ሦስትም፣ የተሰረዘው ስሜም እዚያ ላይ በግልጽ ይነበባሉ። ዛሬ ጠዋት ለአለቃዬ አስገብቻለሁ። እርስዎም በመጪው እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ቆመው እውነተኛውን ምክንያት እንዲያነብቡ፣ ያችን ዐረፍተ ነገር እንዲያነሡና ማረሚያውን በዚያው ማኅተም ለመሥሪያ ቤቴ እንዲልኩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ማጉያውን መጠቀም ይችላሉ፤ ለዚህ ጉዳይ ክብደቱን አልቃወምም።

ሽማግሌ እንደሚልኩብኝ ሰምቻለሁ። ቤቴ ክፍት ነው፣ ሻይም አለ። ታላቅሽን አታሳፍሪ፣ ለሰላም ሲባል ተይው ለሚለው ግን ከወዲሁ መልሴ ይኸው። ማንም በአንድ እግሩ ቆሞ የነገረኝን ቁጥር ከእንግዲህ አልጽፍም። የሌላ ሰው ስህተት የእኔን ስም ተሸክሞ እንዲሄድ አልፈቅድም። ወጣት ነሽ፣ ሌላ ጊዜ የሚባለውንም አልቀበልም፤ የእኔ ጊዜ ያለፈው ቅዳሜ ነበረ።

ለክብርዎ፣ ለጤናዎ፣ ለሁለቱም እግሮችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ እስከ እሑድ ድረስ በትሕትና የምጠብቅዎ፣ በስድሳ ሰባት ኪሎ የሚበልጡኝ ሆነው ሳለ ለመነሣት የእኔን ድምፅ የጠበቁ ታላቄን የማልረሳ፣

አምለሰት አለባቸው
የጭነት ሚዛን ተቆጣጣሪ
ጁባ፣ አትላባራ

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ይመኙሻል ትናንት ደውለው እሑድ ስብሰባው ላይ ከእኔ ጎን እንደሚቀመጡ ነግረውኛል። ለቀጣዩ ጉዞም ተመዝግቤያለሁ፤ መስኮት ዳር፣ በግራ በኩል። ድምፅ ማጉያዎ መሄድ ከፈለገ እንደማንኛውም ሰው ተራ ይያዝ። በሐቅ ከመሰከርኩ ግን፣ ከኮሚቴዎ ጓዝ ሁሉ ያለ ክርክር ሙሉ ክብደቱን ሚዛኑ ላይ ያሳረፈው እሱ ብቻ ነው።