ስለ ሰባተኛው ደንብና ስለ ወለቃው ባሌስትራ

ለክቡር ግራዝማች ሀዳነ፣ የማኪና እሽቅድምድም ኮሚቴ ሊቀመንበር
ጎንደር፣ ዓርብ ግንቦት 5 ቀን 1952 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም እንደ ኅሊናዎ ሰላማዊ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ በትንሽ ነገር ላስቸግርዎ ነው። ኮሚቴዎ ፒያሳ ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ ከቁመቴ በአንድ ክንድ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ፣ አንብቤ እስክጨርስ አንገቴ ተጣሞ ቀርቷል፤ ባለቤቴ አየለች ከትናንት ጀምሮ በቅቤ እያሸችኝ ነው። ይህን ደብዳቤ ግን እዚያው ግድግዳ ላይ በሰው ዓይን ልክ እለጥፈዋለሁ።

አንገቴ ባይጣመም ኖሮ ሰባተኛውን ደንብ ባላየሁት ነበር። ስድስቱ ደንቦች በጥቁር ቀለም ተጽፈዋል፤ ሰባተኛው ብቻ በሰማያዊ ቀለም፣ የፋብሪካ ማኅተም የሌለው ብረት የተገጠመላት ማኪና እሁድ አትወዳደርም ይላል። እንዲህ ያለ ብረት ያላት አንዲት ማኪና ብቻ ናት፤ እሷም የእህቴ ልጅ መምህር የሻውና እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የደከምንባት ናት። ጣሊያን ጥሏት ሄዶ ዶሮ ሲያድርባት የነበረችውን ፊያት ነው ያነሣናት። ከኋላ የሚሸከማትን ባሌስትራ የቀጠቀጡልን የወለቃው ባለእጅ አቶ ይባረክ ናቸው። እሁድ ካልተወዳደረች የሻው ማኪናዋን ለብረት ለቃሚ ሊሸጣት ቆርጧል። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የአማተር ክፍል የተፈቀደው በገዛ ኪሳቸው ለሚሠሩ ሰዎች ነው፤ የአንዲት ማኪና ወጪም ከስምንት መቶ ብር እንዳይበልጥ ደንብ ሁለት ያዝዛል። የእኛዋ ከነቀለሟ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ፈጀች። የአማችዎ የአቶ ወልደ ገብርኤል ማኪና፣ ሞተሯና አራት አዲስ ጎማዎቿ ከአስመራ በካሚዮን ተጭነው መጥተውላት፣ ሰባት መቶ ዘጠና ብር ፈጀች ተብላ ተመዝግባለች። እንዲህ የሚያዝን ነጋዴ አስመራ ውስጥ መኖሩን ስላሳወቁን እናመሰግናለን፤ አድራሻውን ቢሰጡን ደግሞ የበለጠ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ ባለፈው እሁድ በሙከራው ቀን ከፒያሳ አዘዞ ደርሰን ስንመለስ አማችዎን በአራት ደቂቃ ቀደምናቸው። ደንብ ሰባት ማክሰኞ ዕለት፣ እዚሁ ጎንደር በእርስዎ እጅ ተፈረመ ይላል። ማክሰኞ ግን እርስዎ ከሊማሊሞ ማዶ ዛሪማ ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ እኔም እዚያው ነበርሁ፣ እጅዎንም ጨብጬ አጽናንቼዎታለሁ። እንግዲህ ፊርማዎ ብቻውን ሊማሊሞን ወጥቶ በዕለቱ ጎንደር ገብቷል ማለት ነው። ከሁለታችንም ማኪና ይፈጥናልና እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ አፍራለሁ። የኮሚቴዎ ጸሐፊ የሻውን ጥግ አስይዘው «ምነው አንተ፣ የተማርህ ሰው አይደለህም? ባለእጅ የቀጠቀጠው ብረት ከአጠገባችን ቆሞ ማን በደኅና ይነዳል?» ብለውታል። የሻው እጅ ነሥቶ ተመለሰ፤ እኔ ግን ነገር መዋጥ አልተማርሁም። ጸሐፊዎ ትናንት የበሉት እንጀራ ጤፉ የበቀለው አቶ ይባረክ የቀጠቀጡት ማረሻ በገለበጠው መሬት ላይ ነው። ሆዳቸውን ካላመማቸው ማኪናችን አጠገብ መቆም አያምማቸውም። እኔ በበኩሌ የምጠረጥረው የቡዳ ዓይንን ሳይሆን አራቱን ደቂቃ ነው።

አራተኛውን አቤቱታ ልጀምር ስል በሬ ተንኳኳ። እንግዳ አልጠራሁም፤ ምናልባት ስምንተኛው ደንብ በእግሩ መጥቶ ይሆናል።

እርስዎን ማመን ቢያቅተውም ማክበር ያላቋረጠ፣ በንባብ ሳይሆን በመፍታትና በመግጠም የተማረ፣ የክቡርነትዎ ታዛዥ፣

አላምረው እንኳየሁ

ተጨማሪ፦ የመጣው የአማችዎ መካኒክ አድማሴ ነው። ከጋቢው ሥር ለሁለት የተሰበረ የማኪናቸውን ባሌስትራ አውጥቶ «አያ አላምረው፣ ሰው ሳያየኝ ወደ አቶ ይባረክ ይውሰዱኝ» አለኝ። አስመራ ልኮ ለማስመጣት ጊዜ የለም፤ ነገም የአቶ ይባረክ ሰንበት ነውና መዶሻ አይነኩም። ስለዚህ ወዲያውኑ አብረን ሄደን ተመለስን። አቶ ይባረክ ሸጋ ሰው ናቸው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አደርስላችኋለሁ ብለዋል። እንግዲህ እሁድ ወይ ሁለቱም ማኪኖች ይወዳደራሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ፤ ምርጫው የእርስዎ ነው። አቶ ይባረክ ለሥራቸው ብር አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ በኮሚቴው ድንኳን ውስጥ፣ ከእርስዎ ቀጥሎ።