የእማዬ የመጨረሻ ማሰሮ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? ወገብሽ ተሻለሽ? እኔ ደኅና ነኝ። እማዬም ደኅና ናት፤ ዓይኗ ግን ከእንግዲህ ከጥላ በቀር አያይም፣ እጇም ጭቃ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ለአንቺ ቤት ብላ ያበጀችው ማሰሮ የመጨረሻ ሥራዋ መሆኑን ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

የምጽፍልሽ ስለ እሱ ነው። ስልክሽ ላይ አይተሽ፣ «እሳት ሲነካው መስታወት የሚሆነውን ቅብ ደራርብበት፣ ጥቁሩን ከታች፣ ነጩን ከላይ ወፈር አድርገህ፣ እንደ ዝናብ ይወርዳል» አልሽ። እኔ በቁራጭ ሸክላ ሞክሬ ነገርኩሽ። ሁለቱ ቅቦች ለየብቻ ሲሆኑ ሳይፈስሱ ይቆማሉ፤ ሲደራረቡ ቶሎ ቀልጠው ይፈስሳሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ግን «አንተ መቼ ደፍረህ ታውቃለህ!» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ስልኩ ድምፁ ተለቆ ነበርና እማዬም ሰምታ ሳቀች።

«ልጄ ያለችውን አድርግ» አለችኝ። «አንተ እንደሆንክ ከደኅናው ዕቃም ስንጥቅ ትፈልጋለህ።»

ይህን ያለችው ዕድሜዬን ሙሉ እቶኗን ያነደድኩላትን እኔን ነው።

ስለዚህ ያልሽውን አደረግኩ። ጥቁሩን ቀባሁ፣ ሲደርቅ ነጩን ደረብኩበት፣ አፉ ላይ ወፈር አደረግኩት። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ቅቡን መጥረግ እችል ነበር። የሚፈስሰውን የሚይዝ ሳህን ከሥሩ ማኖርም እችል ነበር። አንቺ አላልሽም፤ እኔም አላደረግኩም።

እቶኑን ስከፍት፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አምሮ ነበር። ከአንገቱ እስከ ሆዱ ሰማያዊ ዝናብ ወርዶበታል፤ እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ሥሩ ግን ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር ተጣብቆ አንድ ሆኗል። ላላቅቀው በመሮ ስመታው ከሆዱ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ገል ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዳንቺ ላለችው ነው።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ልኬላታለሁ፣ ደርሷታል አልኳት። እሑድ ስትደውይ እንዴት ሆኖ እንደወጣ ትጠይቅሻለች። አንድም ሳታስቀሪ ንገሪያት፤ ከሩቅ ሆኖ ማወቅ ትችዪበታለሽ። እንዲረዳሽ ከሥሩ አንድ ገል ልኬልሻለሁ። በውስጥ በኩል፣ ቅቡ ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ የእማዬ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ትዕግሥቱን ያብዛለት። ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ እነሱ ምንም አልበደሉኝም። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች፤ ይህን ደብዳቤ አትላክ ብላኛለች። እማዬም ሰላም ብላሻለች። ማሰሮውን ብርሃን በሚገባበት መስኮት ሥር አኑሪልኝ ብላለች።

ወንድምሽ
ከእቶኑ ቤት፣ ጥር 9