ስድስተኛዋ ጥርስ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? እናቴስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ታናሽ እህቴስ፣ እናንተ ዘንድ የተውኳት ልጄስ ደህና ናቸው? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ለንዴቴ ግን መድኃኒት አላገኘሁም። ሰላምታዬ ከአንገት በላይ እንዳይመስልዎት፤ እወድዎታለሁ፣ ዛሬ ግን ተቆጥቻለሁ። እሁድ ስደውል «ጥርስ ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋምና ይኸው ጻፍኩ።

የልጄን መንጋጋ ጥርስ በአናጺ ጉጠት ነቀሉት! ምን ነካዎት አባባ? እህቴ ስትነግረኝ ደግሞ እንደ ጀብዱ ነው ያወራችው፤ «አላለቀሰችም እኮ፣ አባባ የወተት ጥርስ ናት፣ ትበቅላለች ብለዋት» አለችኝ። ያቺ የወተት ጥርስ አይደለችም! ከፊት መሃል ጀምረው ሲቆጥሩ ስድስተኛዋ ናት። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ብቅ ትላለች። ስትመጣ የሚወልቅላት ጥርስ ስለሌለ ሰው ልብ አይላትም፣ የወተት ትመስለዋለች። ከተነቀለች ግን ተተኪ የላትም። ካላመኑኝ፣ የነቀሏትን ካኖሩበት የሚስማር ቆርቆሮዎ ውስጥ አውጥተው ይዩአት። የወተት ጥርስ ሲወልቅ ሥሩ ሟሙቶ አልቆ ነው፤ ይህቺ ሁለት ረጃጅም ሥር አላት። በእንጨት ሥራ ሚሊ ሜትር የማይስቱ ሰው፣ ያን ሥር ሲያዩ እንዴት አልደነገጡም?

«አንቺ ሐኪም ነሽ ወይ?» ብለውኛል። አይደለሁም፣ የጥርስ ክሊኒኩ መዝገብ ጸሐፊ ነኝ። ግን የተነቀለውን ሁሉ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የማን፣ በስንት ዓመቱ፣ የትኛዋ፣ ለምን። ባለፈው ሳምንት ዶክተሯ የዓመቱን ደምሪ አለችኝና ቁጭ ብዬ ገለጥኩት። ሽማግሌዎቹ ድዳቸው ሸሽቶ፣ ጥርሳቸው እየተነቃነቀ ነው የሚመጡት። ልጆቹና ወጣቶቹ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በመበስበስ ነው፤ ከሁሉ በላይ የምትነቀለው ደግሞ ያቺው ስድስተኛዋ! መቼ ጀመረህ ሲባሉ «ዓምና»፤ ምነው ዝም አልክ ሲባሉ «እስኪ ይለፍልኝ ብዬ»። እርስዎ ዝም አይነቅዝም ይሉን ነበር፤ ጥርስ ግን ዝም ሲሉት ይነቅዛል። ትናንት አንድ ግንበኛ፣ ተሞልታ የምትድን ጥርሱን «ንቀሉልኝና ልገላገል፣ ያቦካሁት ሲሚንቶ ሊደርቅብኝ ነው» ብሎ ከዶክተሯ ጋር ሙግት ገጠመ። እርስዎን መሰለኝና ጮኽኩበት። ዶክተሯ እሱን ትታ እኔን አስወጣችኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የልጄ በግራ በኩል ያለችው ስድስተኛዋም ማመም ጀምራለች፣ እርስዎም ቅዳሜ እነቅልላታለሁ ብለዋል አሉኝ። በሞቴ፣ ጉጠቱን እንዳያነሱ! ይህችኛዋ ገና አልሞተችም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ተጠርጋ ከተሞላች ትድናለች። ይህን ደብዳቤ ያደረሰልዎት የአውቶቡስ ሾፌር ዓርብ ጠዋት ይመለሳል። እህቴ ልጄን ይዛ አብራው ትሳፈር። ያስወጣችኝን ዶክተር መልሼ ለምኜ ለዓርብ ከሰዓት ተራ አስይዣለሁ።

ይህን ያህል ምን አስቆጣት ይሉ ይሆናል። ቆርቆሮውን ሲከፍቱ ከልጄ ጥርስ ጋር የእኔም አለች። ያኔ እኔም እንደ እሷ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ ከእኔ ጋር ነግቶብዎት፣ አዝነውልኝ ነው የነቀሏት፣ አውቃለሁ። «አይዞሽ፣ ትበቅላለች» አሉኝ። በየጠዋቱ መስታወት ፊት አፌን ከፍቼ ስጠብቃት ኖርኩ። ይኸው ሠላሳ አራት ሞላኝ፤ ዛሬም በአንድ በኩል ነው የማኝከው።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እህቴን ተቀይሜያታለሁ፣ ቢሆንም ይሳሙልኝ። ልጄን ጉንጯን ይሳሙልኝ፣ በማያማት በኩል። ትናንት በስልክ «እማዬ፣ ዛሬም አልበቀለችም» አለችኝ። እንደማትበቅል እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የምትወድዎት ልጅዎ
ከክሊኒኩ መዝገብ ክፍል፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ