ጠብታው ለደህናው ዓይን ነው

ለልጄ እናት፣
ሞጣ

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ ሳላቸው ተሻላቸው? ሞጣ ዘንድሮ ዝናቡ ቀደም ብሎ ገባ ሲሉ ሰማሁ። እዚህ ቢቸና ጠዋት ጠዋት ጉም ነው፤ እስከ ረፋድ አይገፈፍም። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ትህትናም ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አያቷን ትመስላለች።

በስልክ ስንጀምር ደህና ነን፣ ስንጨርስ ግን ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ሽማግሌዎቹ ክረምቱን እናቷ ዘንድ ትክረም ብለዋል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ከመውሰድሽ በፊት ግን የዓይኗን ነገር በደንብ ልታውቂው ይገባል።

ግራ ዓይኗ ሰነፍ ነው። አያምም፣ አይቀላም፤ ብቻ ማየቱን ለቀኙ ትቶ ተቀምጧል። ደብረ ማርቆስ ያየቻት ሐኪም «ጎበዙ ለሁለት ይሠራል፣ ሰነፉ ጥላ ሥር ተኝቷል። ጎበዙን ካላሳረፍነው ሰነፉ አይነሳም» አለችኝ። የሰጠችን ጠብታ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ደህናው ዓይን ላይ ይደረጋል። ደህናው ጥቁሩ ሰፍቶ ለቀናት ይደበዝዛል፤ ያን ጊዜ ግራው ወዶ ሳይሆን ተገዶ ያያል። ይህ በልጅነቷ ካልሆነ በኋላ ያስቸግራል፤ ግራው እንደተኛ ሊቀር ይችላል። ልጅቷ ደግሞ ሰባት ልትሞላ ነው።

እሁድ እኔ አደርግላት ነበር። ቅዳሜ ገበያተኛው እህሉን ጭኖ በጠዋት ወፍጮ ቤቱን ስለሚሞላው ለእናቴ ለእማሆይ ተውኩላቸው። አሳየኋቸው፤ «ገባኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ዝም ዝም አለች። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የምትነግረኝ ነገር ሌላ ሆነ። «አባዬ፣ አህያዋ ወተት ውስጥ እየሄደች ነው» ትለኛለች። «አባዬ፣ ዛፉ መጣ፤ አይ፣ ሰውዬ ነው።» አንድ ቀን ደግሞ ጉሙ ቤት ገብቶ አልወጣ አለ ብላ በመጥረጊያ ስታባርረው አገኘኋት። ሳቅሁ። ልጅ ናት፣ ትጫወታለች አልኩ። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር፤ ከሥራ ስመለስ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ስለምታየው አገር እጠይቃታለሁ። በዚያ አገር ቤቶች ጠርዝ የላቸውም። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ቀለም ነው፣ ቀጥሎ ድምፅ፣ ከዚያ ሰው። እኔን ግን ገና ሳልደርስ በዱቄት ሽታዬ ታውቀኛለች።

አንድ ሰኞ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨች። ግንባሯን እያሸሁ ወደ ብርሃን አዞርኳት፤ የሁለቱም ዓይኖቿ ጥቁር ሰፍቷል። የሁለቱም!

እማሆይን ጠየቅኋቸው። መቁጠሪያቸውን እንኳ አላቋረጡም። «አዎ፣ የታመመው ላይ ነው የማደርገው» አሉ። «አንተ ተሳስተህ ነው ብዬ፣ እንዳላሳፍርህ ዝም አልኩ። የት አገር ነው ደህናውን የሚያክሙ? እኔን ጉልበቴን ሲያመኝ ክንዴን ታሽልኛለህ?» ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ብላቸው «አባትህም እንዲሁ ነበር፤ ቢነግሩት አይሰማ» ብለው ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

ለካስ ቅዳሜ በእሳቸው እጅ ግራው፣ እሁድ በእኔ እጅ ቀኙ ሲደበዝዝ ከርሟል። የነገረችኝ ሁሉ ጨዋታ አልነበረም፤ ያየችውን ነው የነገረችኝ።

ሐኪሟ በስልክ ተቆጣችኝ። ከዚያ ረጋ ብላ «ጊዜ አለን፣ ግን ብዙ አይደለም፤ ካሁን ወዲያ የሚያደርግላት የገባው ሰው ይሁን» አለች። እንደገና ጀመርን። ቅዳሜም ወፍጮውን ዘግይቼ እከፍታለሁ፤ ገበያተኛው ይሳደባል። እማሆይ የልጅቷን ራስ ይዘው «በል እንግዲህ ደህናው፣ ደህና መሆንህ ነው ጥፋትህ» ይላሉ።

አንቺም እንዲህ አድርጊ። እጅሽን ታጠቢ። ጭንሽ ላይ አስተኚያት። ወደ ላይ እዪ አትበያት፣ ትጨፍናለች፤ ጣሪያው ላይ ምን አለ ብለሽ ጠይቂያት። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ዝቅ አድርገሽ አንድ ጠብታ። ከዚያ በአፍንጫዋ በኩል ያለውን የዓይኗን ጥግ በጣትሽ ጫን አድርገሽ ያዢ፤ አለዚያ ወደ ጉሮሮዋ ይወርዳል። ቀኙ ነው። ቀኙ። ፀሐይ ስለሚያስቸግራት ኮፍያዋን አታውልቂ። ጠርሙሱን ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጪ፤ ቢጠጡት መርዝ ነው።

ባለፈው ሳምንት በመናኸሪያ በኩል ስናልፍ የሞጣ መኪና ቆመ። ቀኙ ደብዝዞ ነበር። ትህትና እጄን ለቃ «እማዬ! እማዬ ባለአበባ ጃንጥላዋን ይዛ መጣች!» እያለች ሮጠች። ሴትዮዋ አንቺ አልነበርሽም። ጃንጥላው ግን ያንቺው ዓይነት ነው፤ ቢጫ፣ ጥቃቅን ጥቁር አበባ ያለበት። አበባውን ለየችው። ከዚያ ርቀት፣ በሰነፉ ዓይን። ሴትዮዋ አቅፋ ሳመቻትና «የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት። ለሐኪሟ ስነግራት በስልክ እልል አለች። እኔ ግን እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ደስ ይበለኝ ይክፋኝ ሳላውቅ ብዙ ቆምኩ።

ስለዚህ ልትወስጃት ስትመጪ በማግስቱ እመለሳለሁ ብለሽ አትምጪ። ጠብታው የእጅ ልምድ ይፈልጋል፤ አንድ ቅዳሜና እሁድ አይበቃም። አንድ ሰው ይዞ ሌላው ሲያደርግ ደግሞ ይቀላል። እማሆይ ትመጪ ይሆናል ስላቸው፣ ሳልጠይቃቸው «እንግዲህ እኔ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው የማድር» ብለው ምንጣፋቸውን ጠቀለሉ። ለምን አላልኳቸውም።

የሞጣው ጊዮርጊስ መንገድሽን ያቅናልሽ። እናትሽን ሳሚልኝ።

ከቢቸና፣
የልጅሽ አባት