ለእማዬ የጎማ ልብስ ስንመርጥ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ ለፈርገል፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ባለፈው በስልክ ስናወራ ከወንበር ስትነሳ ያቃሰትከው እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ሄዘር ደህና ናት? ኮልም የፊት ጥርሶቹ በቀሉለት ወይስ አሁንም በድዱ ነው የሚስቀው? ሜቭስ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? እናንተ ጋ ካልጋሪ በረዶው ዘንድሮ ቶሎ እንደጣለ ሰምተናል፤ እባክህ መኪና ስትነዳ ተጠንቀቅ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ባሌ ኤመን ጀልባውን የብስ ላይ አውጥቶ ነፋሱን ሲራገም ይውላል፤ ከዚያ በቀር የሚያማርረው ነገር የለውም። እማዬም ደህና ናት። እንዲያውም ከደህናም በላይ ናት፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን አንተ ገና አፌን ስከፍት «ምን ሆነች?» ብለህ ታቋርጠኛለህ፤ እሷ ደግሞ ከኋላዬ ቆማ «እንዲህ በይው፣ እንዲያ በይው» እያለች ታደናግረኛለች። ስለዚህ ሻይህን ይዘህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው። ከዚያ ብትቆጣም ትቆጣለህ።

ባለፈው ወር እማዬ ከገና በኋላ ጠቅልላ አንተ ዘንድ ለመኖር እሺ ማለቷን ስንነግርህ እንዴት እንደተደሰትክ አውቃለሁ። ክፍል ቀለም እንደቀባህላት፣ ሄዘርም ከፍ ያለ አልጋ እንደፈለገችላት ጽፈህልናል። ለዓመታት ለምነሃት እምቢ ስትል ኖራ በአንድ ጊዜ እሺ ያለችበትን ምክንያት ግን አንተም አልጠየቅህም፣ እሷም እንዲነገርህ አልፈለገችም።

አባዬ በሞተ ጊዜ እንኳ ባሕሩን እንዳልተወች ታስታውሳለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኛዋ ከኑዋላና ከሌሎቹ ሴቶች ጋር በዚያ በስስ የዋና ልብሷ፣ በረዶ ቢጥልም ባይጥልም፣ ከወደቡ ግንብ ሥር ትገባ ነበር። ሁለት ዓመት ሆናት፣ ጣቶቿ ብርድ ሲነካቸው እንደ ሻማ ነጭ እየሆኑ መደንዘዝ ጀመሩ። ሐኪሟ «ሰውነትዎ ሲበርደው ደሙ ወደ ጣትዎ አይደርስም፤ ወይ ገላዎን የሚያሞቅ የጎማ ልብስ ይልበሱ፣ ወይ ባሕሩን ይተዉት» አለቻት። አንተም ያኔ ደውለህ የዋና ልብሷን ደብቂባት አልከኝ። መደበቅ አላስፈለገኝም። እሷው ራሷ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። የጎማ ልብስ ነገር ሲነሳባትማ «እኔ የመኪና ጎማ ለብሼ አልገባም፤ እዚያ ድንጋይ ላይ የሚጋደሙት ጥቁር ቆዳ ያላቸው የባሕር አቆስጣዎች ዘመዳችን መጣች ብለው ይሰበሰቡብኛል» ትለን ነበር። እንዲህ እየቀለደች ግን ቅዳሜ ሲደርስ ወንበሯን ከመስኮቱ አዙራ ትቀመጣለች። ነገረኛ ትሆናለች፤ ኤመን ድንች ሲልጥ እንኳ «ግማሹን ለአሳማ ነው የምትልጠው?» ትለዋለች።

ባለፈው ወር ኑዋላ የምራቷን የጎማ ልብስ በዘንቢል ይዛ መጣች። ምራቷን ታውቃታለህ፤ ከእማዬ በራስ ቁመት ትበልጣለች፣ በወርድማ አይነሳ። እማዬ ለኑዋላ ስትል ለበሰችው። በቀላሉ ገባላትና ሦስታችንም ደስ አለን፤ «ሰፋ ማለቱ ጥሩ ነው፣ አያስጨንቅሽም» አልናት። የማያውቅ ሰው ምክር ይኸው ነው። ውሃው ወገቧ ጋ ሲደርስ ምንም አልነበረም። መዋኘት ስትጀምር ግን በአንገቷ በኩል ገብቶ እጅጌውንና እግሩን እንደ ጆንያ ሞላው። እጇን ባነሳች ቁጥር ቀዝቃዛ ውሃ እንደ አዲስ ይገባባታል፤ ልብሱም ከብዶ ወደ ታች ይጎትታታል። እኔና ኑዋላ በሁለት ወገን ይዘን አወጣናት። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ምላሷ ተሳስሮ፣ የሻይ ስኒውን መያዝ አቅቷት በእጄ አጠጣኋት። ቤት ገብታ እሳቱ ዳር ብዙ ከቆየች በኋላ «ፈርገልን ቲኬቱን ይቁረጥ በይው» አለችኝ። እንግዲህ አንተ በስልክ በደስታ የጮህክበት ቀን ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕቃዋን ለሰው ማደል ጀመረች።

የዛሬ ሳምንት ገደማ ሻንጣ ልንገዛ ወደ ከተማ ወጣን። ዝናቡ በጎን እየመታ መንገድ ላይ ያዘንና እፊታችን ወዳገኘነው ሱቅ ሮጠን ገባን። ሱቁ የኢታ ነው፤ ድሮ የአሳ ማጨሻ በነበረው ቤት የጎማ ልብስና የማዕበል መንሸራተቻ ጣውላ የምትሸጠው ሴት። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ጸጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣለች፤ ምላሷ ደግሞ ከእማዬ አያንስም። እማዬ ውሃዋን እያራገፈች የተሰቀለውን ልብስ ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየችና «ይሄ ነው እንግዲህ ሰው የሚገድለው» አለች። ኢታም ከተቀመጠችበት ሳትነሳ «ማንን ገደለ፣ እማማ?» ስትል ጠየቀቻት። እማዬ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ኢታ አዳምጣ ጨረሰችና «የማን ልብስ ነበር?» አለች። «የኑዋላ ምራት።» «እንግዲያው ልብሱ ምን አጠፋ? እርስዎ እኮ ድንኳን ለብሰው ነው የገቡት።»

እማዬ ትቆጣለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን «እንዴት ማለት?» አለች። ኢታ ተነስታ መጥታ አስረዳቻት። ይህ ልብስ ውሃን ጨርሶ አይከለክልም፤ ትንሽ ውሃ ይገባል፣ ገላ ያን ውሃ ያሞቀዋል፣ ልብሱ የሞቀውን ውሃ ገላ ላይ ይዞ ያቆየዋል። ሰፊ ከሆነ ግን የሞቀው ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይተካል፤ ምስኪን ገላ ባሕሩን ሁሉ ሲያሞቅ ይውላል። እማዬ ይህን ስትሰማ «አሃ» አለች። ያቺን «አሃ» ታውቃታለህ፤ ካርታ ስትጫወት ጥሩ ወረቀት ሲደርሳት የምትላት ናት።

ኢታ ሜትሯን አንስታ ቁመቷን፣ ደረቷንና ወገቧን ለካች። «ኪሎዎትስ?» አለቻት። «እሱንስ ለቄሱም አልነገርኩ» አለች እማዬ። «እኔ ከቄሱ እበልጣለሁ፤ እሱ ነፍስዎን ነው የሚያሞቀው።» እማዬ ጠጋ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። እኔ እስካሁን አላውቀውም።

ከዚያ መልበስ መጣ። መጀመሪያ የቀረበላት የሴት ልብስ ደረቷ ላይ ልክ ሆነ። ኢታ ግን እጇን ከኋላ ወገቧ ላይ ሰደደችና ጨርቁን በጣቷ ይዛ ሳበችው፤ «እዚህ አንድ ሳህን ሾርባ ይገባል፤ ይውለቅ» አለች። ሁለተኛው በጣም ወፍራም ነበር። ለክረምት ይህ ይሻላል ብዬ እኔ ነኝ የመረጥኩት። ኢታ እማዬን እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ ብትላት ከትከሻዋ በላይ አልሄደም። «ይሄ ጣውላ ላይ ተኝቶ ማዕበል ለሚጠብቅ ሰው ነው። እማማ የሚዋኙ ናቸው፤ ደረታቸው ላይ ወፈር፣ ክንዳቸው ላይ ሳሳ ያለ ነው የሚያስፈልጋቸው። አለዚያ ከብርዱ በፊት ድካሙ ይገላቸዋል» አለችኝ።

ሦስተኛውን ስታመጣ እየሳቀች ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጅ ልብስ ነው፤ በሁለቱም ጎን ከብብት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ አረንጓዴ መስመር አለው። እማዬ እንደምታውቃት አጭርና ደረቷ ደልደል ያለ ነው፤ ለሴት ተብሎ የተሠራው ሁሉ ለእሷ ይረዝማል። እግሯ እንዲንሸራተትላት ኢታ የዳቦ ላስቲክ አጠለቀችላት። እስከ ወገብ ድረስ ደህና ሄድን። ክንዷ ላይ ስንደርስ ግን አንዱ እጇ ገብቶ ሌላው እጅጌው ውስጥ ተቀረቀረ። እኔ ከፊት፣ ኢታ ከኋላ እየጎተትን፣ እማዬ መሃላችን «አንዳችሁ ልቀቁኝ፤ ልጅ ስወልድም እንዲህ አልተጎተትኩ» ትላለች። ድንገት ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደንግጬ ቀና ብዬ ሳያት ድምፅ የሌለው ሳቋን እየሳቀች ነው፤ ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተቀመጥን።

ዚፑ ሲዘጋ ኢታ አስነስታ ቁጢጥ አስባለቻት፣ እጇን አስነሳቻት፣ አንገቷን አዟዟረቻት። ወገቧ ላይ ክፍተት የለም፤ ብብቷ ሥር አይንጠለጠልም፤ ከጉልበቷ ኋላ አልተጨማደደም፤ አንገቷ ጋ አንዲት ጣት ብቻ ታስገባለች። እማዬ «ትንሽ ያስጨንቀኛል» አለች። «ደረቅ ላይ የሚመች ውሃ ውስጥ ሰፊ ነው። ይተንፍሱ እስቲ። ተነፈሱ? እንግዲያው ልክዎ ነው» አለቻት ኢታ። እማዬ መስታወቱ ፊት ቆማ አረንጓዴውን መስመር በጣቷ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ ተከተለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሻንጣው ይቆይ» አለችኝ።

ጓንትና የጎማ ካልሲ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያም ጨመርን። በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ይዣት ሄድኩ፤ ብቻዋን እንዳትገባ፣ እንዳትቆይም አስጠንቅቃ ፈቀደችላት። ይህን የምነግርህ በዘፈቀደ ነው ያደረጉት እንዳትለን ነው።

ትናንት ቅዳሜ ወረድን። ውሃው እርሳስ መስሏል፤ ነፋሱ ግን ጋብ ብሎ ነበር። ኢታ «ውሃ ውስጥ ሳላየው ሸጥኩ አልልም» ብላ ሱቋን ዘግታ መጣች። ፓኪ ሽማግሌው ግንቡ ላይ ተቀምጦ መረቡን እየጠገነ ነበር፤ እማዬን ሲያያት «አትራክታ፣ የማንን ልጅ ልብስ ሰርቀሽ ነው?» አላት። «የአንተን ሱሪ አይደለም፣ አይዞህ። እሱን ሌባም አይወስደው» ብላው አለፈች። ሴቶቹ ገና ውሃ ሳይነካቸው መንጫጫት ጀመሩ።

ውሃው ወገቧ ጋ ሲደርስ ቆመች። የመጀመሪያው ውሃ በጀርባዋ ሲወርድ የአንዲት ቅድስት ስም ጠራች፤ ለጸሎት ግን አልመሰለኝም። ኢታ ከጎኗ «ይጠብቁ፣ ይጠብቁ» ትላታለች። ከዚያ የእማዬ ፊት ሲለወጥ አየሁት። «ሞቀ» አለች፤ ለማንም አልነበረም የምትናገረው። እጇን ዘርግታ ሄደች።

እኔ ጥቂት ዋኝታ ትመለሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን በቀጥታ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ አመራች፤ አንተና እኔ ልጆች ሳለን እንዳንሄድ ወደከለከለችን። ኑዋላና ኢታ ተከተሏት። እኔ ጫማዬን አውልቄ ግንቡ ጫፍ ላይ ቆምኩ፤ ኤመን ክንዴን ባይይዘኝ ከነልብሴ እገባ ነበር። ደረሰች፤ ድንጋዩን በእጇ መታ መታ አደረገችውና ዞረች። ስትወጣ በእግሯ ነው የወጣችው። ከንፈሯ ቀይ ነበር፣ ንግግሯም አልተኮላተፈም፤ ሻይዋን ራሷ ቀድታ ጠጣችና ለፓኪም ቀዳችለት።

ቤት ገብተን የአሳ ሾርባ እየበላን ሳለ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ስለ ካልጋሪ አነሳች። ለፋሲካ ልትመጣ ትፈልጋለች፤ ልጆቹን ልትጠግባቸው፣ የሄዘርን አልጋ ልትተኛበት፣ ከዚያ ልትመለስ። ለመኖር ግን አትመጣም። እኔ ያባበልኳት እንዳይመስልህ፤ እንዲያውም ቀለም የተቀባውን ክፍል አስታወስኳት። «አውቃለሁ፤ ልጄ ደግ ነው» አለች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ቀጥላም እንዲህ ብዬ እንድጽፍልህ አዘዘችኝ፤ «ያን ጊዜ እሺ ያልኩት የሚቀረኝ ነገር የለም ብዬ ነው። ልጄ ዘንድ እንደዚያ ሆኜ ልሄድበት አልፈልግም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቀጠሮ አለኝ በይው።»

ፈርገል፣ ይህ እንደሚያሳዝንህ አውቃለሁ። ስታዝን አትደብቀኝ፤ ጻፍልኝ ወይም ደውልና ጩኽብኝ። ቲኬቱ መሄጃና መመለሻ ያለው ሆኖ ለፋሲካ ይቀየርልን። እኔ በየቅዳሜው ግንቡ ላይ እቆማለሁ፤ ይህን ቃል እገባልሃለሁ።

ሄዘርን ስለ አልጋው አመስግኚልኝ ብላለች እማዬ፤ አንሶላውን ከዚህ ይዛላት ትመጣለች። ኮልምን ሁለቱን ጉንጩን ሳምልኝ። ሜቭን የላከችው ሥዕል ማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ንገራት። ኤመን እጅ ነስቷል፤ ኑዋላም ሰላም ብላሃለች። ሌላው የእማዬ ትእዛዝ ነው፤ በጋ ላይ ስትመጡ ባሕር የምትገቡ ከሆነ የአራታችሁንም ቁመት፣ ደረትና ኪሎ አስቀድመህ ላክልን። የልጆቹን ዕድሜ አትላክ፤ ኢታ ዕድሜ ያሳስታል ትላለች።

እህትህ ዲምፕና

ባሊናሮን፣ ዶኔጎል
እሑድ፣ ኖቬምበር 25 ቀን 2018