ድምፁ የጠፋው ወለል

ለልጄ ለስማራንዳ፣

ፈጣሪ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ፤ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልሽ። እኛ እንዳለን አለን። ዝናቡ ወይኑን ሳንለቅመው አበሰበሰው፤ ጎረቤታችን ዶምኒካም ማክሰኞ ተቀበረች።

ከጣልያን የላክሽው የወለል ንጣፍ ደርሷል። አናጢው ኮስታኬ፣ «አሮጌው ጣውላ ሲጢጥ እያለ አዲሱ አይነጠፍበትም» ብሎ የመኝታ ቤታችንን ወለል በብሎን አጠበቀው፤ ጉብታውን ላገ፤ ስንጥቁን ደፈነ። ሥራው ነውር የለበትም።

አባትሽ ግን ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ የሚራመደው የጣውላውን ድምፅ እየሰማ መሆኑን ማናችንም አላሰብንም። ሥራው ባለቀ ዕለት ክፍሉ መኻል ደርሶ ቆመ።

«አንተ፣ ወለሉን ምን አጎረስከው?» አለ።

«ይገርማል እኮ አባባ! ሌላው ሰው ወለሉ ዝም እንዲልለት ይከፍለኛል፤ እርስዎ ዝም አለ ብለው ይቆጡኛል!» ብሎ ኮስታኬ ሳቀ።

አባትሽ አልሳቀም። እጁን ዘርግቶ፣ «ፓራስኪቫ፣ የት ነኝ?» አለኝ። በገዛ እጁ በሠራው ቤት ጠፋ።

ብሎኖቹን ንቀል ስለው ኮስታኬ፣ «እትዬ፣ የተላገና የተደፈነ ጣውላ የድሮ ድምፁን አያወጣም» አለኝ። ንጣፍሽ እንደታሰረ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። አባትሽም ከአልጋው መውረድ ትቷል።

ልጄ፣ ተቀባዩን ሳያዩ የሚልኩት ስጦታ፣ ልቡ ቀና ቢሆንም፣ ጎዶሎ ነው። ይህን እኔ ካልነገርኩሽ ማን ይነግርሻል?

ስለዚህ በረዶው ሳይጥል ነይ። ክንድሽን ይዞ ክፍሉን እንደ አዲስ ይልመደው። በሚስቱ መመራት አሳፍሮት የእኔን ክንድ እምቢ ብሏል።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ ፓራስኪቫ